የማይቻለውን ሦስት ማዕዘን በካርቶን ሠርቶ በስልክ ማንሳት

ሦስት ወፍራም ዘንጎች ተገጣጥመው ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል፣ ግን ሦስቱም ማዕዘኖች 90 ዲግሪ ናቸው። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ አይሆንም። ስዊድናዊው ኦስካር ሮይተርስቫርድ ግን እ.ኤ.አ. በ1934 ሣለው፤ በ1958 ደግሞ እንግሊዛውያኑ አባትና ልጅ ላዮኔልና ሮጀር ፔንሮዝ በጽሑፍ አወጡትና ስሙ ለእነሱ ቀረ። እኛ ድሬ ላይ ሆነን በባዶ ካርቶን እንሠራዋለን፣ ያውም ያለ ፎቶሾፕ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓይን ሲኖረን የቱ ቅርብ፣ የቱ ሩቅ እንደሆነ እናውቃለን። የስልክ ፎቶ ግን በአንድ ዓይን የታየ ነው፣ ስለዚህ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ነገሮች የተነካኩ ይመስላሉ።

መጀመሪያ 17 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት የካርቶን ቁራጮች አውጡ። አንዱ 24፣ ሁለቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይርዘሙ። በየ4 ሴንቲ ሜትሩ አስምራችሁ እጠፉ፣ በምትተርፈው 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ማስቲሽ ቀቡና ዝጉት። አራት ጎን ያለው ዘንግ ይወጣችኋል።

ረጅሙን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። ከአንዱ ጫፉ ጎን ሁለተኛውን በ90 ዲግሪ ማዕዘን ለጥፉ። ሦስተኛውን በሁለተኛው ነፃ ጫፍ ላይ አቁሙት። አሁን የምታዩት የተሰበረ ወንበር ነው የሚመስለው፣ አቦ አይዟችሁ። ሁሉንም በማያብለጨልጭ አንድ ዓይነት ቀለም ቀቡት።

ዋናው ሥራ ቦታ መያዝ ነው። የቆመው ዘንግ ወደ እናንተ ይሁን፣ የረጅሙ ነፃ ጫፍ ከኋላው። ስልኩን ወደ 35 ዲግሪ ገደማ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች አሳዩት፣ የቆመው ዘንግ አናት የኋላውን ጫፍ እስኪሸፍነው ድረስ ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱት። በሁለቱ ጫፎች መካከል 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ስላለ ከቅርብ ካነሳችሁ የፊተኛው ገዝፎ ያጋልጣችኋል። ሁለት ሦስት ሜትር ራቁና ዙም አድርጉ። ከዚያ ስልኩን ወንበር ላይ ደግፋችሁ አትንኩት። የፊተኛው ጫፍ ረጅሙን ዘንግ የሚከልልበትን ጎን፣ ስክሪኑን እያያችሁ፣ ጥቂት በጥቂት ቁረጡ፤ ጠርዙ ከኋላው ጠርዝ ጋር ሲገጥም አቁሙ። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፣ የተቆረጠ አይመለስም።

ብርሃንም አስቡ። የድሬ የቀትር ፀሐይ ጥቁር ጥላ ታጥላለች፣ ጥላው ደግሞ ክፍተቱን ይናገራል። ከዚራ ሰፈር ካሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ያለ ጥላ ወይም በረንዳ ይበቃል። ፍላሽ ይጥፋ፣ ከኋላ የሚያደበዝዘው የፖርትሬት ሞድም ይጥፋ።

ካነሳችሁ በኋላ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄዳችሁ የተበታተነውንም አንሱትና ሁለቱን አብራችሁ ለጥፉ። አለበለዚያ "ኤዲት ነው" ከሚል ሰው ጋር ስትከራከሩ ይመሽባችኋል።