የቤት ውስጥ ሥራን ለአካል እንቅስቃሴ ስለመጠቀም፦ ለድሬዳዋ ነዋሪዎች

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጫና ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ የመከረ ሲሆን፣ እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት የሚለውን የቀድሞ ገደብ አንስቶታል። ስለዚህ ግቢ መጥረግም ሆነ ወለል መወልወል፣ ጉልበት እስከተሠራበት ድረስ፣ ከሂሳቡ ይገባል። ጫናውን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየሠሩ ማውራት የሚቻል፣ መዝፈን ግን የሚያቅት ከሆነ በቂ ነው። እያንጎራጎሩ ሲኒ ማጠብ አይቆጠርም።

በድሬዳዋ ከሁሉ አስቀድሞ ሊወሰን የሚገባው ሰዓቱ ነው። በተለይ በግንቦትና በሰኔ ከባዱን ሥራ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርሶ፣ ቀላሉን ለምሽት ማቆየት ይበጃል፤ ከምሳ በኋላ ያለውንማ ከተማው ራሱ ለዕረፍት ትቶታል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ከበርጫ ተነስቶ በምርቃና ጉልበት ቤቱን ሁሉ ለማገላበጥ መነሳት፣ ሰውየው ብርቱ የሆነ ቢመስለውም፣ በዚያ ሙቀት ልብን ያለ አግባብ ማስጨነቅ ነው።

በአጭር መጥረጊያ ጎንበስ ብሎ መጥረግ ወገብን ስለሚጎዳ ረጅም እጀታ ያለውን መምረጥ፣ ወገብን ከመጠምዘዝ ይልቅ እግርን እያንቀሳቀሱ መጥረግ፣ በየመሐሉም እጅ መቀያየር ያስፈልጋል። ልብስ በእጅ ሲታጠብ ሳፋው ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ ቢቀመጥ ጀርባ ቀና ይላል፤ አንሶላና ጋቢ መጭመቅ የእጅንና የክንድን ጡንቻ በሚገባ ያሠራል። የታጠበውንም በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ከመሄድ ጥቂት ጥቂቱን እየወሰዱ ማስጣት እርምጃን ይጨምራል። ምንጣፍ አውጥቶ ማራገፍና በዘነዘና ቡና መውቀጥ ለትከሻ ጥሩ ናቸው።

መመሪያው በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም እንዲኖር ስለሚጠይቅ፣ ውኃ መቅዳት ለዚህ ይውላል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ውኃውን በሁለት ባለ 10 ሊትር ከፍሎ በሁለት እጅ መያዝ ሸክሙን ያመዛዝናል። ሲነሳ ጉልበትን አጥፎ፣ ጀርባን ቀና አድርጎ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ መነሳት ነው፤ ባዶ ሆድ ወይም ውኃ ሳይጠጡ ግን አይጀመርም።

ይህ ምክር በዋነኛነት የሚመለከተው ቀኑን በወንበር ላይ የሚያሳልፈውን ሰው፣ በተለይም የቤቱን ሥራ ለእናቱ፣ ለሚስቱ ወይም ለእህቱ የተወውን ወንድ ነው። ከንጋት እስከ ማታ ጎንበስ ቀና ስትል የዋለች ሴት የሚያስፈልጋት ሥራውን የሚካፈላት ሰውና ዕረፍት እንጂ ተጨማሪ እንቅስቃሴ አይደለም።

የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው ከባድ ሸክም ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር። በሥራ መሐል ራስ ካዞረ ወይም ካቅለሸለሸ ወዲያውኑ አቁሞ ጥላ ሥር አረፍ ማለትና ውኃ መጠጣት ይገባል፤ ደረትን የሚያፍን ሕመም ከተሰማ ግን ይለቀኛል ብሎ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።