በፔት ሲቲ የሊምፎማ ምርመራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ለፔት ሲቲ (የሰውነትን ውስጥ በምስል ለሚያሳየው ማሽን) ምርመራ የሚጓዝ የሊምፎማ፣ ማለትም የንፍፊት ካንሰር፣ ታካሚ ብዙ ጊዜ ጥሪቱን አሟጦ ነው የሚሄደው፤ ሆኖም ምርመራውን ከሚያበላሹት ምክንያቶች አብዛኞቹ በቀላሉ ሊቀሩ የሚችሉ ናቸው። ምንጫቸውም ማሽኑ ካንሰርን ራሱን ያሳያል የሚለው እምነት ነው። ማሽኑ የሚያሳየው ስኳር በብዛት የሚወሰድበትን የሰውነት ክፍል ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ኤፍዲጂ ግሉኮስን የሚመስል፣ ፍሎሪን 18 የተባለ ጨረር ሰጪ ንጥረ ነገር የተያያዘበት መድኃኒት ሲሆን፣ ሴሉ ስኳር መስሎት ካስገባው በኋላ እስከ መጨረሻው ሊፈጨው ስለማይችል እዚያው ተይዞ ይቀራል።

በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት «ባዶ ሆድ» የሚለውን ቃል ከምግብ ጋር ብቻ ማያያዝ ነው። ታካሚው ቢያንስ ስድስት ሰዓት እንዲጾም ሲነገረው እንጀራ አይቀምስም፤ ነገር ግን «ጉልበት ይሆንሃል» ተብሎ የተሰጠውን፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ጠጥቶ ይመጣል። ያ ስኳር ኢንሱሊንን ይቀሰቅሳል፣ ኢንሱሊኑም መድኃኒቱን ወደ ጡንቻና ወደ ልብ ስለሚነዳው የታመመው ንፍፊት ደብዝዞ ይታያል። በአንጻሩ በጾም ወቅት ውኃ እንኳ አልቀምስም የሚሉ አሉ። ንጹሕ ውኃ ግን መድኃኒቱ በሽንት እንዲወጣ ስለሚረዳ እንዲጠጣ ይመከራል፤ ስለዚህ ከጉዞው በፊት የንስሐ አባትን ማማከር ይበጃል። ጸበል መጠጣትም ማር እስካልተጨመረበት ድረስ ምርመራውን አይጎዳም። የደም ስኳሩ በዴሲሊትር ከ200 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ከተገኘ ቀጠሮው ሊራዘምበት ስለሚችል፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ይህንኑ ያሳውቅ፤ ኢንሱሊኑን በራሱ ውሳኔ ማቆምም ሆነ ሊመረመር ሲል መወጋት የለበትም።

የሠራ ጡንቻም ስኳር ይበላል። ከምርመራው በፊት ባሉት ሃያ አራት ሰዓታት ታንኳ የቀዘፈ ወይም ጆንያ የተሸከመ ሰው ትከሻው በምስሉ ላይ ይበራል፤ መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ጫት ወይም ማስቲካ የሚያላምጥ ደግሞ መንጋጋው። ከዚህ ይልቅ የሚዘነጋው ብርድ ነው። ከባሕር ዳር ሙቀት ወጥቶ ብርድ ባለበት ከተማ በስስ ሸሚዝ የሚያድር ታካሚ፣ ሰውነቱን ለማሞቅ የሚሠራው ቡናማ ስብ በአንገቱና በአንገቱ ሥር ካለው አግድም አጥንት በላይ ባለው ቦታ ስኳር ይስባል፤ ይህም ሊምፎማ የሚፈለግበት ቦታ ነው። ጋቢ ይዞ መሄድ ከብዙ ጥርጣሬ ያድናል።

ማርፈድም ስህተት ነው። የፍሎሪን 18 ኃይል በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል፤ አሥር ሰዓት በሚፈጅ የመኪና መንገድ ቢጫን ከመቶ ሁለት እጅ ያህሉ ብቻ ይደርሳል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ያረፈደ ሰው አይጠብቅም።

የበራ ሁሉ ካንሰር ነው ብሎ መደምደም ደግሞ በተለይ በአገራችን አደገኛ ነው፤ የአንገት ንፍፊትን የሚያሳብጠው ቲቢ ልክ እንደ ሊምፎማ ደምቆ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ ሊምፎማ መሆኑ የሚረጋገጠው በናሙና፣ ከተቻለም ሙሉው ንፍፊት በቀዶ ጥገና ወጥቶ ሲመረመር ነው። ነጭ የደም ሴል ለማብዛት የሚሰጠው መርፌም የአጥንት መቅኒን በሙሉ ያበራል፤ መቼ እንደተወጉ ለሐኪሙ መንገር የታካሚው ድርሻ ነው።

ሕክምና እንዳበቃ ለመመርመር መቸኮል ሕክምናው የተወውን ጠባሳና ብግነት እንደ በሽታ ያስቆጥራል። ከኬሞ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ከጨረር ሕክምና በኋላ ሦስት ወር ያህል መጠበቅ የተለመደ ነው። ውጤቱ ሲመጣም ሌላ ስህተት ይከተላል። አንድ አባት ወረቀታቸውን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጥተው «ልጄ፣ ሦስት ይላል፤ በቃ ተስፋፋብኝ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አባባ፣ ይህ የበሽታው ደረጃ ሦስት አይደለም» አልኳቸው። ያዩት በ2009 በፈረንሳይዋ ዶቪል ከተማ የተነደፈውን፣ ከአንድ እስከ አምስት የሚሄደውን መመዘኛ ነበር። መመዘኛው የንፍፊቱን ድምቀት በደረት መካከል ካለው ደምና ከጉበት ድምቀት ጋር ያነጻጽራል። ሦስት ማለት ንፍፊቱ ከጉበት አይበልጥም ማለት ነው፤ በተለመደው ሕክምና መጨረሻ ከአንድ እስከ ሦስት ያለው፣ እብጠቱ ቅርጽን በሚያሳየው የሲቲ ምስል ገና ቢታይ እንኳ፣ በአብዛኛው ሙሉ ምላሽ ተብሎ ይቆጠራል።

ለሉኪሚያ (ለደም ካንሰር) ፔት እንዲታዘዝላቸው የሚወተውቱም አሉ። ሉኪሚያ የሚታወቀውና የሚከታተሉት በዋነኛነት በደምና በመቅኒ ምርመራ ነው፤ ሥር በሰደደው የማይሎይድ ሉኪሚያ ለምሳሌ ቢሲአር ኤቢኤል የተባለው ዘረመል ወደ 0.1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረዱ ከየትኛውም ምስል ይበልጥ ይናገራል።

በመጨረሻ፣ ሲመለሱ የውጤቱን ወረቀት ብቻ ይዘው ምስሉ ያለበትን ሲዲ ጥለው የሚመጡ ጥቂት አይደሉም። የሁለተኛው ምርመራ ምስል የሚነበበው ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ተደርጎ ስለሆነ፣ ሲዲው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከሕክምና ካርዱ ጋር ይቀመጥ።