«ዋጋችሁ ተወደደብን»፦ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ገዢ ለውጭ ማሸጊያና ኅትመት አቅራቢ ሲመልስ፣ ችግሩና መፍትሄው

የጃካርታ፣ የሆ ቺ ሚን ከተማ ወይም የባንኮክ ገዢ ከባሕር ማዶ ለሚመጣ የማሸጊያ አቅራቢ አዘውትሮ የሚሰጠው መልስ «ዋጋችሁ ተወደደብን» የሚል ነው። አቅራቢው ቃሉን አምኖ ዋጋ ሲቀንስ ገዢው ያመሰግናል፤ ትዕዛዙ ግን አይመጣም። በዋጋ ብቻ ከሆነ ነገሩ የተበላ ዕቁብ ነው፤ የታይላንዱ ኤስሲጂ ፓኬጂንግና የኢንዶኔዥያው ኤዥያ ፐልፕ ኤንድ ፔፐር ወረቀቱንም ካርቶኑንም እዚያው ያመርታሉ፣ የቻይና ዕቃም በአሴያን (የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሀገራት ማኅበር) እና በቻይና የንግድ ስምምነት አማካይነት በአብዛኛው ያለ ቀረጥ ይገባል። ስለዚህ ምክንያቱን ከዋጋው ውጭ መፈለግ ይገባል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ዋጋ ከተላከ በኋላ ዝምታ ሲሰፍን

የተለመደው ምክንያት የፋብሪካ በር ዋጋ ብቻ መላኩ ነው። ገዢው የመርከብ ኪራይ፣ ኢንሹራንስና ቀረጥ ራሱ ደምሮ ለአለቃው ማቅረብ ስላለበት፣ ይህን ሥራ ያቀለለለትን ሌላ አቅራቢ ይመርጣል። መፍትሄው እስከ ጃካርታው ታንጁንግ ፕሪዮክ፣ እስከ ሆ ቺ ሚን ከተማው «ካት ላይ» ወይም እስከ ታይላንዱ ላም ቻባንግ ወደብ ድረስ ያለውን ዋጋ፣ በሦስት የተለያየ የትዕዛዝ መጠን ለይቶ፣ የትውልድ ሀገር ሰርተፍኬት መኖር አለመኖሩን ጠቅሶ በአንድ ገጽ መስጠት ነው። መልእክቱም ገዢው በሚጠቀምበት የስልክ መተግበሪያ ይሂድ፦ በታይላንድ «ላይን»፣ በቬትናም ዛሎ፣ በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ዋትስአፕ። አንቱና አንተን ለይቶ ያደገ የአማርኛ ተናጋሪ እንደሚረዳው፣ በኢንዶኔዥያ «ፓክ» ወይም «ቡ»፣ በታይላንድ «ኩን» የሚሉት የአክብሮት መጠሪያዎች ሳይቀድሙ በባዶ ስም መጠራት ጆሮ ይቆረቁራል። በእነዚህ ቢሮዎች ግልጽ «አይሆንም» እምብዛም ስለማይነገር፣ «እናየዋለን» የሚለው መልስ ሁለት ጊዜ ከተደጋገመ የጎደለውን ነገር በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል።

ናሙናው ተወዶ የመጀመሪያው ጭነት ቅሬታ ሲያስከትል

በብዛት ገዢ የሚጠፋው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ጥፋቱም የሙቀትና የእርጥበት ነው። የካርቶን ጥንካሬ በላቦራቶሪ የሚለካው በ23 ዲግሪ ሴልሺየስና በ50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ነው። በሲንጋፖር ወይም በማኒላ መጋዘን ውስጥ ግን እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ መሆኑ የዕለት ተዕለት ነገር ሲሆን፣ እርጥበቱ ወደ 90 በመቶ ሲጠጋ ካርቶን ጭነት የመሸከም አቅሙን በግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል። በፋብሪካ ሰባት ደርብ የቆመው ሣጥን እዚያ በአራተኛው ደርብ ላይ ይንበረከካል። በመንገድም ኮንቴይነሩ ቀን ሲግል ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከጣሪያው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። የተቆለለ ወረቀትም እርጥበት ሲጠጣ ጠርዙ ይሞገዳል፣ በኅትመት ማሽን ላይ ቀለማቱ አንዱ በሌላው ላይ በትክክል አይቀመጡም፣ ማተሚያ ቤቱም ጥፋቱን በወረቀቱ አምራች ላይ ያሳብባል።

መፍትሄው የሚጀምረው የካርቶኑን ጥንካሬ በሚደርስበት ሀገር እርጥበት በመለካትና ውጤቱን ከናሙናው ጋር አያይዞ በመላክ ነው። ተደጋግሞ ከታደሰ ወረቀት ይልቅ ለውጭው ገጽ ከአዲስ የእንጨት ጭረት የተሠራ ክራፍት የተባለውን ጠንካራ ወረቀት መጠቀም፣ በኮንቴይነሩ ውስጥ እርጥበት መጣጭ መስቀል፣ ፓሌቱን ደረቅ አድርጎ መምረጥ ይከተላሉ። የእንጨት ፓሌት በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ እስከ እምብርቱ የታከመበትን የአይኤስፒኤም 15 (የእንጨት ማሸጊያ ዓለም አቀፍ ደንብ) ማኅተም ካልያዘ ወደብ ላይ ሊታገድ ስለሚችል፣ ማኅተሙን ከመጫኑ በፊት ፎቶ አንስቶ መላክ ይጠቅማል። ለማተሚያ ቤቶች ደግሞ የወረቀቱ መጠቅለያ ሳይፈታ ወረቀቱ የአዳራሹን ሙቀት እስኪላመድ እንዲቆይ መመሪያ መጻፍ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

የኅትመቱ ናሙና አራት ጊዜ ሲመለስ

ቀለሙን ከማረም በፊት ፊደሉን ይመልከቱ። በታይ ጽሕፈት ከተነባቢው በላይ አናባቢው፣ ከአናባቢው በላይ የድምፅ ምልክቱ ይደረደራል፤ በቃላት መካከልም ክፍተት ስለሌለ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው መስመሩን ቃል መሃል ላይ ይሰብራል። ቬትናምኛ በአንድ አናባቢ ላይ ሁለት ምልክት ሊጭን ይችላል፤ ማይንማር ደግሞ ዛውጊ ከተባለው የቆየ የኮምፒውተር ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ በይፋ የዞረችው በ2019 ስለሆነ የቆዩ ፋይሎች ተበላሽተው ይነበባሉ። ፊደላችን ወደ ባዶ ሣጥንነት ሲለወጥ ያየን ሰዎች ይህን ልንማር አያስፈልገንም። መፍትሄው ጽሑፉን የዚያ ሀገር ተናጋሪ አንብቦ እንዲፈርም ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፊደሉን ወደ ሥዕል ቅርጽ መለወጥ ነው።

ቴክኒሻኑ ተስማምቶ የጥራት ክፍሉ ሲያግድ

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሕግ ነው። ኢንዶኔዥያ በ2014 ባወጣችው 33ኛው ሕግ መሠረት የምግብና መጠጥ ሐላል ማረጋገጫ ግዴታ ሆኗል፤ ለመካከለኛና ለትልልቅ አምራቾች ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ሲጸና፣ ለአነስተኛ አምራቾችና ለውጭ ምርቶች እስከ ኦክቶበር 2026 ጊዜ ተሰጥቷል። ጥያቄው ማሸጊያውንም ይነካል፤ በፕላስቲክ ውስጥ የሚገባው ስቴራት ወይም በሽፋን ውስጥ ያለው ግሊሰሪን የተባሉት ግብዓቶች ከእንስሳ ስብ ሊወጣ ይችላልና። ስለዚህ የእያንዳንዱ ግብዓት ምንጭ ተክል ይሁን እንስሳ በጽሑፍ ተገልጾ ከዋጋው ጋር አብሮ ይሂድ። በ2022 የወጣው አዲሱ የሐላል ምልክት ሐምራዊ ስለሆነ፣ ሐምራዊው ቀለም ከኅትመት ወደ ኅትመት እንዳይለዋወጥም ጥንቃቄ ያሻል።

በቬትናም ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ አምራቾችና አስመጪዎች የማሸጊያቸውን መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል ኃላፊነት ተሸክመዋል፤ የፊሊፒንስ 11898ኛ ሕግም ትልልቅ ድርጅቶች የፕላስቲክ ማሸጊያቸውን በ2023 ከነበረው 20 በመቶ ተነሥተው በ2028 እስከ 80 በመቶ እንዲሰበስቡ ያዛል። ገዢው ለመንግሥት ሪፖርት የሚያስፈልገው ቁጥር በአንድ ማሸጊያ ስንት ግራም ፕላስቲክ፣ ስንት ግራም ወረቀት እንዳለ ነው። ይህን በዋጋ ማቅረቢያው ላይ የሚጽፍ አቅራቢ ጥቂት ነው፤ የሚጽፈው ግን ለጥራት ክፍሉ ሠራተኛ ግማሽ ሥራውን ሠርቶለታል።

ትዕዛዙ ሲዘገይና ሳይደገም ሲቀር

የቴት (የቬትናም አዲስ ዓመት) በዓል ማሸጊያ ከበዓሉ ከወራት በፊት ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ረመዳንም በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ፣ በ2026 መግቢያው ከቴት ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ የመርከብ ጊዜም ሲደመር የናሙና ማጽደቂያው ቀን በውሉ ውስጥ መግባት አለበት።

ጭነቱ በደንብ ደርሶ ሁለተኛ ትዕዛዝ ካልመጣ፣ ገዢው ብልሽት ቢገጥመው ማን እንደሚተካለት አላወቀም ማለት ነው። የብልሽት ገደቡን በመቶኛ፣ ቅሬታው የሚቀርብበትን ቀንና ምትኩ በአውሮፕላን ሲላክ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ መጻፍ፣ አነስተኛ መጠባበቂያ ክምችትም በሀገሩ ባለ ወኪል ዘንድ ማስቀመጥ ይቻላል። በባንኮክ በየዓመቱ በሚካሄደው ፕሮፓክ ኤዥያ በተባለው የማሸጊያ የንግድ ትርኢት ላይ አንድ ጊዜ ታይቶ የጠፋ አቅራቢ ብዙ ስለሆነ፣ ገዢዎች በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ሰው ያንኑ ጠረጴዛ ላይ ሲያገኙት ነው ስለ ሙሉ ኮንቴይነር ማውራት የሚጀምሩት።