“ያያል” ብለው ከመጻፍዎ በፊት፦ በእይታ ልየታ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ የሚሠራ የእይታ ልየታ፣ ማለትም የማየት ችግር ያለበትን ሰው ለይቶ የማውጣት ምርመራ፣ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ኢ ቻርት (“E” ፊደል ወደተለያየ አቅጣጫ ዞሮ፣ በየመስመሩ እያነሰ የተጻፈበት ወረቀት)፣ ሜትር፣ ፕላስተር፣ የዓይን መሸፈኛ፣ ባለ ቀዳዳ ካርድ (በጠባብ ቀዳዳው አጮልቀው የሚያዩበት)፣ የእጅ ባትሪና መዝገብ ካሉ ይበቃል። የሚከብደው ጥንቃቄው ነው። በዚህ ሥራ ከሚፈጸሙት ስህተቶች አብዛኞቹ ወደ አንድ ወገን ያደላሉ፤ የማያየውን ልጅ የሚያይ ያስመስሉታል። በስህተት ሪፈር የተጻፈለት ልጅ ሆስፒታል ሲደርስ ነገሩ ይታረማል። በስህተት “ያያል” የተባለውን ግን ማንም ተመልሶ አይመረምረውም። ልጁም አቤት አይልም፤ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ዓለም ብዥ ያለበት ልጅ ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያይ ይመስለዋል።

ርቀትን በእርምጃ መለካት

ለ6 ሜትር የተሠራ ቻርት ልክ የሚሆነው በ6 ሜትር ብቻ ነው። 6/12 ማለት ጤናማ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር ብቻ ማንበብ ነው። 5 ሜትር ላይ የቆመ ልጅ የ6/12ን መስመር ቢያነብ እውነተኛ እይታው 6/14 ገደማ ነው፤ ማለፍ የሌለበት ልጅ አለፈ ማለት ነው። ርቀቱ የሚለካው ከቻርቱ እስከ ልጁ ዓይን ነው። ልጁ ቆሞ ከሆነ ተረከዙ መስመሩን ይንካ፤ ተቀምጦ ከሆነ የወንበሩ የኋላ እግሮች መስመሩ ላይ ይረፉ። በጠመኔ የተሰመረ መስመር ጥቂት ልጆች ሲረግጡት ይጠፋልና ፕላስተር ይለጥፉ። ልጆች ለማየት ሲጓጉ ወደ ፊት ያዘነብላሉ፤ እሱንም ይከታተሉ።

ፎቶ ኮፒ የተደረገ ቻርት ደግሞ ሳይታወቅ ሊያንስ ይችላል። ከመነሳትዎ በፊት በማስመሪያ ይለኩት። ለ6 ሜትር በተሠራ ቻርት የ6/60 ፊደል ቁመት 87 ሚሊ ሜትር፣ የ6/12 ፊደል 17.5 ሚሊ ሜትር፣ የ6/9 ደግሞ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሮቹ በግማሽ ካነሱ የያዙት የ3 ሜትር ቻርት ነው፤ ክፍሉ ለጠበበበት ትምህርት ቤት የሚሆነውም እሱ ነው።

ልጁን ፀሐይ ላይ ማቆም

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች የቆርቆሮ ክፍል ስለሚሞቅና ስለሚጨልም ልየታውን ወደ ግቢ ማውጣት ይቀናል። ጉዳቱ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ደማቅ ብርሃን የዓይን ብሌንን ያጠብባል፤ የጠበበ ብሌን ደግሞ ብዥታን ይቀንሳል። ሩቅ የማያይ ልጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ 6/12ን ሊያነብ ይችላል፤ ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግን አይታየውም። የሚለካው እንደሚማርበት ክፍል ባለ ብርሃን ውስጥ ይሁን። ከሜዳ የገባ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይረፍ።

ቻርቱን መስኮት ሥር አይስቀሉት፤ ከኋላው የሚመጣው ብርሃን ፊደሉን ያደበዝዘዋል። መስኮቱ ከልጁ ጀርባ ሆኖ ብርሃኑ ቻርቱ ላይ ቢያርፍ ይሻላል። ላሚኔት የተደረገ ከሆነ ራስዎ በልጁ ቁመት ዝቅ ብለው ነጸብራቅ እንዳለው ይዩ። ከጣና የሚነሳ ነፋስ ቻርቱን እንዳያርገበግበው አራቱንም ማዕዘን ይለጥፉ። ዓይን የሚፈተሽበት ወረቀት ሲወዛወዝ ፈተናው ፈተና አይሆንም።

ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ መለካት፣ ወይም አሸፋፈንን ችላ ማለት

አንድ ዓይኑ ደህና የሆነ ልጅ ሁለቱም ተከፍተው ከተለካ ሁልጊዜ ያልፋል። ሌላኛው ዓይን ጥርት ያለ ምስል ሳያገኝ ካደገ አንጎል ከዚያ ዓይን የሚመጣውን እየተወ ይሄዳል፤ አምብሊዮፒያ የሚባለው ይህ ነው። ሕክምናው ይበልጥ የሚሠራው ልጁ ሰባትና ስምንት ዓመት ሳይሞላው ስለሆነ፣ አንደኛ ክፍል ላይ ያመለጠ ልጅ ብዙ ነገር አምልጦታል።

ልጁ በጣቶቹ ከሸፈነ በመሐል ያጮልቃል፤ አጥብቆ ከተጫነው ደግሞ ያ ዓይን በተራው ሲለካ ብዥ ይልበታል። መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ፣ ሳይጫን ይሸፍን። አንድ መሸፈኛ ለሁሉም የሚጠቀሙ ከሆነ ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ በአልኮል ይጥረጉት፤ ተላላፊ የዓይን ሕመም ያለበት አንድ ልጅ ክፍሉን ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። ረዳትዎ ቻርቱ ጋ ሳይሆን ልጁ ጎን ይቁም። ዓይኑን የሚያጨፈግግ ልጅ ካለ “ክፈተው” ይባል፤ ማጨፍገጉም እንደ ጠበበ ብሌን ስለሚረዳው ያሳልፈዋል። ሁልጊዜ ከቀኝ ዓይን ይጀምሩ፤ መዝገቡ ላይ ግራና ቀኝ የሚቀያየረው መነሻው አንድ ካልሆነ ነው።

መልሱን ለልጁ መስጠት

ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ቻርቱን እያዩ ከቆሙ ተራቸው ሲደርስ ሸምድደውታል። ከበር ውጭ ይሰለፉ፤ በየመሐሉም ቻርቱን አዙረው እየለጠፉ ይጠይቁ። “አየሽው አይደል?” ተብላ “አላየሁም” የምትል ልጅ ጥቂት ናት፤ ትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ወይም “እሺ” ማለት ጨዋነት ነው ተብላ ነው ያደገችው። ስለዚህ በአፍ አያስመልሱ፤ የኢው እግሮች ወዴት እንደሚያዩ በእጇ ታሳይ። ቀኝና ግራን ገና ያልለየ የአጸደ ሕፃናት ልጅም በዚህ መንገድ አይሳሳትም። ጨዋታውን በቅርብ፣ በትልቁ ፊደል አስተምረው ሲያበቁ ብቻ ወደ መስመሩ ይውሰዱት። የማለፊያው መስመር 6/9 ይሁን 6/12፣ ከአምስቱ ፊደል ስንቱ ትክክል ሲሆን እንደሚያልፍ በመመሪያዎ የተቀመጠውን ይያዙ፤ ወረፋው ረዘመ ተብሎ ከሰዓት በኋላ አይላላ።

መነጽር ያለው ልጅ መነጽሩን አድርጎ ይለካ። ያላለፈ ሁሉ በባለ ቀዳዳው ካርድ ይደገምለት፤ ካሻሻለ ችግሩ በመነጽር የሚስተካከል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ካላሻሻለ ዓይኑ ራሱ በሐኪም መታየት አለበት።

ቻርቱን አይቶ ዓይኑን አለማየት

ይህ ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ይፈልጋልና። 6/6 ያነበበ ልጅም ቢሆን በባትሪ ይታይ። ብሌኑ ነጭ የሚያንጸባርቅ ልጅ የዓይን ሞራ ወይም ለሕይወት የሚያሰጋው የዓይን ካንሰር፣ ሬቲኖብላስቶማ፣ ሊሆን ይችላል፤ የተርሙ መጨረሻ ዝርዝር እስኪላክ አይጠበቅም፣ በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ይድረስ። ሸውራራነትም “ሲያድግ ይተወዋል” ተብሎ አይታለፍ።

የአማራ ክልል ትራኮማ፣ ማለትም የዓይን ቆብን እያጠፈ ዓይን የሚያጠፋው ተላላፊ በሽታ፣ ጸንቶ ከቆየባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን የሚወጋው ሰው ብዙውን ጊዜ በወረንጦ እየነቀለ ስለሚኖር ከሩቅ ሲታይ ደህና ይመስላል። የዓይን ቆቡን ጠርዝ ጠጋ ብለው ይዩ፣ ይነቅሉ እንደሆነም ይጠይቁ። ዓይኑን ሁልጊዜ የሚያሽ ልጅ ሲገጥምዎት ምን ጠብታ እንደሚያደርግ ይጠይቁ። ዴክሳሜታዞን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ያለበትን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት መጠቀም የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ)፣ አለዚያም የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ማታ ማታ የሚደናበር ልጅ ካለ ዳፍንት ሊሆን ይችላልና የቫይታሚን ኤ እጥረት ይጠረጠር።

በጤና ጣቢያ፦ የቅርቡን መርሳት

ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው የሩቁ 6/6 ስለሆነ ብቻ አይሸኝ። የቅርብ ካርድ በ40 ሴንቲ ሜትር ይያዝ፤ ፊደል ለማይቆጥሩ እናቶች የቅርብ ኢ አለ። በጣና ዳር ባለው በዘጌና በሐይቁ ደሴቶች ካሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ሲሠሩ የራሳቸውን ዳዊት አያስነብቡ፤ በቃላቸው ስለሚያውቁት ገጹ ሳይታያቸውም አንድ ፊደል አይስቱም። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ጥርት አድርጎ ቢያይም በየዓመቱ የዓይኑ ውስጥ መታየት አለበት።

ሪፈሩን ለልጁ አስይዞ መላክ

ወረቀቱ ደብተር መሐል ይቀራል። ለወላጅ ይደውሉ፤ የትኛው ዓይን እንደሆነ፣ ስንት እንዳየ፣ ወዴት እንደሚሄዱ በቀላል ቃል ይንገሩ። “መነጽር ዓይን ያደክማል” የሚል ስጋት ካለ እዚያው ይመለስ፤ መነጽር ዓይን አያደክምም። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሏት፤ ከጣናው ደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣ ቤተሰብ ግን ባለሙያው በሌለበት ቀን ደርሶ ከተመለሰ ሁለተኛ ላይመጣ ይችላልና ቀኑን አስቀድመው በስልክ ያረጋግጡ። ፊት ወንበር ማስቀመጥ እስከዚያው ይረዳል፣ ሕክምና ግን አይደለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከስም ጠሪ መምህሩ ጋር ማን እንደሄደ፣ ማን እንዳልሄደ በዝርዝር ያጣሩ። በልየታው ቀን የቀሩትንም በዚያው ጉዞ ይለኩ፤ ሰሌዳ አልታይ ብሎት ትምህርት የሰለቸው ልጅ ከቀሪዎቹ መሐል ሊሆን ይችላል።