በጅማ የወተት ላሞችን በግጦሽ መሬት እንዴት መመገብ እንደሚቻል

በጅማ ዙሪያ ላም የሚያረባ ሰው በክረምት የሳር እጥረት ብዙም አያማርርም። ችግሩ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ሳይበላ የተረፈው ሳር በኅዳር አርጅቶና ጠንክሮ ሲገኝ፣ በጥርና በየካቲት ደግሞ መስኩ ተራቁቶ ወተቱ ሲቀንስ ነው። ስለዚህ የመኖ ሥራ ፉርሽካ ከመግዛት በፊት መስኩን ከመከፋፈል ቢጀመር ይሻላል።

መስኩን በስድስት ቦታ ይክፈሉትና ላሞቹን በእያንዳንዱ ክፍል አምስት ቀን ያሰማሩ፤ በዚህ ስሌት አንዱ ክፍል እስኪደገም 25 ቀን ያርፋል። ለማጠር አቅም ከሌለ፣ ላሟን በረዥም ገመድ በካስማ አስሮ ካስማውን በየቀኑ ማዛወር ይቻላል። ሆኖም ቀን መቁጠር ብቻውን አያስተማምንም፤ ሳሩ አንድ ስንዝር ሲሞላ ማስገባት፣ አራት ጣት ያህል ሲቀረው ማስወጣት ይገባል። ከዚያ በታች የተጋጠ ሳር ለማቆጥቆጥ ጉልበት ስለሚያጣ ቦታውን ላም የማትበላው አረም ይወርሰዋል። ብዙ አርቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የተራቆተውን መስክ እያየ መሬት አነሰኝ ይላል።

ረግረጋማ ቦታ ላይ ከማሰማራት ይቆጠቡ፤ የጉበት ትል በዚያ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በሳሩ ላይ ስለሚጣበቅ፣ ሳሩን አጭዶና በደንብ አድርቆ ማብላት ይመረጣል። ማገጥ የሚባለው ባለ ሦስት ቅጠል ተክል የበዛበትን እርጥብ መስክ በተመለከተም፣ የራባት ላም በጠዋት ከገባችበት ሆዷ ሊነፋ ስለሚችል አስቀድሞ ገለባ ወይም ድርቆሽ ማቅመስ ያስፈልጋል።

400 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 12 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ የክረምት ሳር አብዛኛው ውኃ በመሆኑ ይህ ወደ 60 ኪሎ እርጥብ ሳር ይጠጋል። በግጦሽ ብቻ ይህን መሙላት ስለሚከብድ ማታ በበረት ዝሆኔ ሳር ይጨመርላት። ዝሆኔ ሳር በዝናብ መግቢያ ሦስት አንጓ ባለው ቁራጭ፣ ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ ገብቶ በአጥር ዳር ይተከላል፤ አንድ ሜትር ገደማ ሲደርስም ይታጨዳል። ለምትታለብ ላም በአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ተረፍ) ድብልቅ፣ የምትልሰው አሞሌ ጨው፣ እንዲሁም በቀን 60 ሊትርና ከዚያ በላይ ንጹሕ ውኃ ይቅረብላት። አዲስ መኖ ግን በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለመዳል።

ለበጋ የሚሆነውን ድርቆሽ ለማዘጋጀት ከስድስቱ ክፍሎች አንዱን ወይም ሁለቱን ከነሐሴ ጀምሮ ከግጦሽ ይከልሉ፤ ሳሩ ማበብ ሲጀምርና ዝናቡ ጋብ ሲል ይጨዱት። የጅማ ዝናብ እስከ ጥቅምት ሊዘገይ ስለሚችል ጥቂት ፀሐያማ ቀናትን መጠበቅ ግድ ነው። የታጨደውን ስስ አድርጎ መዘርጋት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ማገላበጥ፣ ከዚያም በእጅ ጠምዝዞ መሞከር ነው፤ እርጥበት ከተሰማ አይከመርም። ክምሩ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጦ ከላይ ይሸፈን፤ ሻጋታ የሸተተውን ክፍል ለይተው ይጣሉት፣ በተለይ ለእርጉዝ ላም ፈጽሞ አይስጡ።