ለቻይናዊ ባልደረባችሁ «ሊቭ»ን ስታስረዱ

ከቻይናውያን ጋር በእንግሊዝኛ እየተግባባችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ «ሊቭ» (leave) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ ፍቺ ብቻ አታስረዷቸው። በቻይንኛ ከቦታ መሄድ «ሊካይ» ነው። መልእክት ትቶ መሄድ ሲሆን ግን «ሊዩ» ይላሉ፤ ይኸው ቃል መቆየት ማለትም ነው! ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ በዓረፍተ ነገር አሳዩአቸው። «ሊቭ ሻንጋይ» ከሻንጋይ መውጣት ነው፤ «ሊቭ ፎር ሻንጋይ» ደግሞ ወደ ሻንጋይ መነሳት። ይቺ «ፎር» ከተዘለለች አቅጣጫው ይገለበጣል። አደራ፣ የጉዞ ቀጠሮ ከሆነ ደግማችሁ ጠይቁ። ስልክ ቤት ሲቀር እነሱም እንደኛው «ረሳሁት» ነው የሚሉት። በእንግሊዝኛ ግን የቀረበት ቦታ ከተጠቀሰ «ሌፍት» (left፣ የ«ሊቭ» ኃላፊ ጊዜ) ይሻላል። የዓመት ፈቃድም «ሊቭ» ነው፤ «ኦን ሊቭ ነኝ» ያለ ሰው ሥራ አልለቀቀም።