ፊፍቲን ነው ፊፍቲ? ቁጥር ሲምታታባችሁ

በስልክ ዋጋ ወይም የቤት ቁጥር በእንግሊዝኛ ሲነገራችሁ 15 ይሁን 50፣ 13 ይሁን 30 ካልለየላችሁ ዝም ብላችሁ አታስደግሙ። ያው ቃል በዚያው አነጋገር ነው የሚመለስላችሁ። ይልቅ «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለቀ። በተለይ ዱባይ ሆኖ በአንድ ቀን የኬረላንም የሌጎስንም የማኒላንም እንግሊዝኛ ለሚሰማ ሰው ብዙ ጣጣ ያቀልላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንግሊዞች ፊፍቲ ሲሉ ጉልበቱ «ፊፍ» ላይ ነው፤ ፊፍቲን ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ «ቲን» ላይ ያርፋል። ብዙ ሕንዶች፣ ናይጄሪያውያንና ሲንጋፖሮች ግን ክፍለ ቃላቱን እኩል ነው የሚመዝኑት። ስህተት አይደለም፣ የራሳቸው ምት ነው። እኛም የራሳችን አለን። ታዲያ የሚቀረው ምልክት መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ብቻ ትሆናለች፣ እሷን ደግሞ ስልክ ቶሎ ይውጣታል።

አሜሪካኖች ጋ ሌላም ፍንጭ አለ። 30ን «ተርዲ» ይላሉ፣ 13ን ግን «ተርቲን»። «ዲ» የምትመስል ድምፅ ከሰማችሁ 30 ነው። 40 እና 80ም እንደዚሁ፤ 50 እና 60 ላይ ግን አይሠራም።

ስልክ ቁጥር ስትቀበሉ ተጠንቀቁ፦ እንግሊዞችና ሕንዶች «ደብል ሰቨን» ካሉ 77 ጻፉ። ከሕንድ ሰው ጋር ስለ ትልቅ ገንዘብ ስታወሩ ደግሞ «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» የሚለው ዘዴ አያዋጣም፣ «ቱ ላክ» ካላችሁ 200,000 ማለቱ ነውና ዜሮዎቹን ጽፎ እንዲልክላችሁ ጠይቁት።